የቡታጅራ ፈረቃ በወልቂጤ

ሰው «መብራት ጠፍቷል» ሲባል፣ በበራ አምፖል ሥር ቦርሳውን አንስቶ ሲወጣ በዓይኔ አይቻለሁ። ይህን ስናገር አጋንኜ የማወራ የሚመስላቸው አሉ። ግጥም ስለምሞካክር ይሆናል፣ ከማወራው ላይ ግማሹን ቀንሰው ነው የሚሰሙኝ። ይህኛው ግን የሚቀነስለት ነገር የለውም።

ያኔ ቡታጅራ ውስጥ በአንድ ኮሌጅ ቅርንጫፍ የኮምፒውተር ክፍል ሠራተኛ ነበርኩ። ሙያውን ቁጭ አድርጎ ያስተማረኝ ሰው የለም። ኢንተርኔት ቤት ተቀምጬ፣ ያወረድኩትን መጽሐፍ መስታወቱ በተሰነጠቀ ስልክ እያነበብኩ ነው የለመድኩት፤ ግጥሙንም እንደዚያው። አንድ ቦታ መርጋት አልችልም ነበር። ከቢሮ ሾልኬ ወጥቼ ገበያው ዳር የመስቃን በርበሬ ከጋሪ ሲራገፍ ቆሜ አያለሁ፤ ጆንያው መሬት ሲነካ የሚነሳው ቀይ ብናኝ፣ የሚያስነጥሰው ባለጋሪ፣ ያስነጠሰው እሱ ይመስል በቅሎውን የምትሰድብ ሴትዮ። እዚያ እንዳለሁ አንድ የባጃጅ ሹፌር አጠገቤ ይቆምና «ጋሼ ይፈልጉሃል፣ ተናደዋል» ይለኛል።

ጋሼ የክፍሉ ኃላፊ ነበሩ። ከሰሜን በመምህርነት ተመድበው መጥተው፣ ቡታጅራ አግብተው፣ ቡታጅራ የቀሩ ሰው ናቸው። ሲናደዱ «ባለቅኔው» ይሉኛል፣ ደስ ሲላቸው በስሜ ይጠሩኛል። ስሜን ከአፋቸው የሰማሁት ጥቂት ጊዜ ነው።

የጋሼ ሀብት አንዲት ሰርቨር ነበረች። ስለ እሷ ትንሽ ካልነገርኩ የሆነው ነገር አይገባም። ከውጭ ሲያዩዋት አንድ ትልቅ ኮምፒውተር ናት፤ ውስጧ ግን ሌሎች ኮምፒውተሮች ይኖራሉ። አካል የሌላቸው፣ በእሷ ጉልበት ብቻ የሚንቀሳቀሱ ኮምፒውተሮች። አንዱ የሬጅስትራሩን ሥራ ይይዛል፣ አንዱ የቤተ መጻሕፍቱን፣ አንዱ ተማሪ ይፈትናል። እያንዳንዳቸው ቤቱ የራሳቸው ብቻ ይመስላቸዋል። መጽሐፉ ቨርቹዋል ማሽን ይላቸዋል። ጋሼ ግን «ተከራዮቹ» ነበር የሚሏቸው፤ የምትሸከማቸውን ደግሞ «አከራይዋ»።

አከራይዋ የራሷ ደንብ አላት። ሰዓቷ፣ የኔትወርክ በሮቿ፣ ማን እንደሚገባባት፣ መቼ እንደምትነሳ፣ መቼ እንደምትተኛ። ጋሼ ይህንን ሁሉ በዓመታት ውስጥ አንድ በአንድ በእጃቸው አስተካክለውላት ነበር። በተለይ መተኛቷን። በዚያ ዘመን መብራት በፈረቃ ነበር የምናገኘው። መጠባበቂያ ባትሪው ደግሞ አርጅቶ ሻይ እስኪፈላ እንኳ አይቆይም። መብራት በድንገት ሲሄድ ተከራዮቹ የያዙትን ሥራ እንደያዙ ይወድቃሉ፤ ሲነሱ ግማሹ ሥራ ተበላሽቶ ይገኛል። አንድ ጊዜ የአንድ ክፍል ውጤት ሙልጭ ብሎ ጠፍቶ ተማሪዎቹ ግቢ ውስጥ ሲያለቅሱ ጋሼ አዩ። ከዚያ በኋላ የቡታጅራን ፈረቃ ለአከራይዋ አስተማሯት። ተራችን በሆነ ቀን፣ መብራቱ ሊሄድ ትንሽ ሲቀረው፣ ተከራዮቿን በየተራ ሥራቸውን አስቀምጠው እንዲተኙ ታደርጋለች፤ በመጨረሻ እሷም ትተኛለች። ማንም ሳይነካት።

«መብራት አይነጥቀንም፤ ቀድመን እንሰጠዋለን» ይሉ ነበር ጋሼ፣ ኮሌታቸውን እያቃኑ።

ወሬው ወልቂጤ ደረሰ። ዋናው ግቢ እዚያ ነው፤ ዲኑም እዚያ ናቸው። የእነሱ ሰርቨር ከእኛዋ ጋር አንድ ዓይነት ብትሆንም ደንቧ የተዘበራረቀ ነበር፤ ያገኛት ሁሉ ስለሚነካካት ዛሬ የሠራው ነገ አይሠራም። ያ ዘመን ደግሞ ምርጥ ተሞክሮ የሚቀመርበትና የሚሰፋበት ዘመን ነው። አንድ ገበሬ ጥሩ ካመረተ ሞዴል ይባላል፣ ሌላው ሄዶ ያየዋል፣ እንደ እሱ እንዲያርስ ይነገረዋል። በአንድ ስብሰባ ላይ ዲኑ ተነስተው የቡታጅራዋ ሰርቨር ሞዴል እንደሆነች፣ በሁሉም ግቢ «ወጥ አሠራር» መስፈን እንዳለበት ተናገሩ። ተጨበጨበ። ለማሽን ሲጨበጨብ ያየሁት ያኔ ብቻ ነው።

ማስፋቱን በእጅ መሥራት ይቻላል፤ ግን አድካሚ ነው፣ አንዷን ነገር መርሳት አይቀርም። እኔ ያነበብኩት ሌላ መንገድ ነበር። ቴምፕሌት ይሉታል፤ አብነት ማለት ነው። የጤነኛዋን አከራይ ደንብ ሙሉ በሙሉ ይቀዳና ሌላዋ ላይ ይጫናል፤ ሁለተኛዋ ቁርጥ የመጀመሪያዋን ትሆናለች። በዚህም አያበቃም፣ ዘብ ይቆማል። ከአብነቱ የተለየ ነገር ባገኘ ቁጥር ራሱ ያርመዋል።

ጋሼ መጀመሪያ አላመኑትም።

«ሰው ተሳስቶ ቢነካካትስ?»

«ይመልሰዋል።»

«አውቆ ቢነካትስ?»

«እሱንም ይመልሰዋል።»

«ዲኑ ራሳቸው መጥተው ቢነኳትስ?»

«ማንንም አይሰማም፣ ጋሼ።»

መነጽራቸውን አውልቀው ስክሪኑን ትክ ብለው አዩት። «ካድሬ ነው በለኛ!» አሉ። በሩ ክፍት መሆኑን ዘወር ብለው ካዩ በኋላ ነው የሳቁት።

ቴምፕሌቱን ከእኛዋ ሰርቨር ቀድተን በፍላሽ አስቀመጥነው። ጋሼ ወልቂጤ ወስደው የሚጭኑት ከፈተና በኋላ እንዲሆን ነበር የፈለጉት። የነርሲንግ ተመራቂዎች የመጨረሻ ፈተና ደርሶ ነበር፤ ፈተናው በኮምፒውተር ነው፣ የሚሰጠውም በወልቂጤዋ ሰርቨር ላይ ነው። ዲኑ ግን በስልክ አልሰማ አሏቸው። ስልኩ ድምፁ ስለሚያፈተልክ ከጎናቸው ሆኜ ሁሉንም እሰማለሁ።

«ተግባራዊ ሆኗል ብለን ሪፖርት ከላክን ሰንብቷል እኮ፣ ጋሼ! ገምጋሚዎቹ ሊመጡ ነው።»

«ሳይሆን ሆኗል አላችሁ?»

«በዕቅድ ደረጃ ሆኗል። አሁን የቀረው መሥራቱ ነው።»

ጋሼ ስልኩን ዘግተው «የቀረው መሥራቱ ነው» ብለው ደገሙት፣ ለራሳቸው።

ከተመራቂዎቹ አንዷ ታላቅ እህቴ ነበረች። ትምህርቱን ሁለት ጊዜ አቋርጣዋለች፤ አንዴ አባታችን ታሞ ስታስታምም፣ አንዴ ስትወልድ። በቆሼ በኩል ያለ አንድ ጤና ጣቢያ ቦታ ይዞላት ነበር፤ በዚህ ዙር ካለፈች ትቀጠራለች። ካላለፈች ወይም ካልተፈተነች ቀጣዩ ዙር የከርሞ ነው፤ ቦታው ደግሞ ለከርሞ አይጠብቅም። ይህንን እናታችንም፣ ባሏም፣ ሰፈሩም ያውቃል። ዱዓ ያላደረገላት የለም ማለት ይቻላል። ሕፃኑን ለእናታችን ትታ፣ ከእኔና ከጋሼ ጋር በአንድ ሚኒባስ ለመሄድ ተነሳች።

ወልቂጤ ከቡታጅራ በካርታ ላይ ጎረቤት ናት፤ መሃል ላይ ግን ተራራው አለ። መንገዱ እየተጠማዘዘ ሲያንገላታን እህቴ በእኔና በጋሼ መሃል ተቀምጣ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች የመድኃኒት መጠን ትከልሳለች።

«እቴ፣ እስቲ ትንሽ አረፍ በይ» አልኳት።

«አንተ ዝም በል። ግጥም መሰለህ እንዴ? ይሄ ቢሳሳት ሰው ይገድላል።»

ጋሼ በሳቅ ፈረሱ። «ግጥሙም ቢሆን የሚገድል አለ። ባለፈው አንዱን አንብቦልኝ ታምሜያለሁ።»

«ወላሂ እውነትዎን ነው፣ ጋሼ! ለእኔም ለሠርጌ ጽፎልኝ ነበር፤ አማቼ ለቅሶ መስሏቸው አንገታቸውን ደፉ።»

እስከ ወልቂጤ ድረስ በእኔ ሲጫወቱ ሄዱ። ደስ ብሎኛል፤ ፍርሃቷን ረስታ ነበር።

ከሰዓት በኋላ ሰርቨር ክፍሉ ገባን። ጋሼ ፍላሹን ሰክተው፣ በስመ አብ ብለው ጫኑት። የወልቂጤዋ አከራይ ጠፍታ ስትነሳ ሌላ ሆና ተነሳች፤ የእኛዋ ራሷ ናት ማለት ይቻላል። ተከራዮቿ ሁሉ ጤነኛ ናቸው፣ ምልክቱ ሁሉ አረንጓዴ ነው። ዲኑ ገብተው አጨበጨቡ፣ በስልካቸው ፎቶ አነሱ፤ ጋሼን ከሰርቨሯ ጎን አቁመውም አነሷቸው። ጋሼ ፎቶ ላይ አይስቁም፤ ያን ቀን ግን ትንሽ ፈገግ ብለዋል።

በማግስቱ ጠዋት ፈተናው ተጀመረ። አዳራሹና ሰርቨር ክፍሉ ጎን ለጎን ናቸው፣ መሃላቸው መስታወት አለው። ፀሐይ ስክሪኑ ላይ እንዳያንጸባርቅ መጋረጃው ተዘግቶ፣ በጠራራው ቀን አምፖሎቹ በርተዋል። እህቴ ሁለተኛው ረድፍ ላይ ናት። ሻርፗን ወደ ኋላ ጥላ፣ ወደ ስክሪኑ ተደፍታ፣ አንዳንዴ ጣቷን እያነሳች አየር ላይ ታሰላለች። እኔ ቆሜ እሷን አያለሁ፤ ጋሼ ወንበራቸው ላይ ተደላድለው ሰርቨሯን ያያሉ።

ብዙ አልቆየም። የቤተ መጻሕፍቱ ምልክት ግራጫ ሆነ።

«ነካኸው?» አሉኝ ጋሼ።

«እኔማ አልነካሁም። እርስዎ መስለውኝ።»

ሳንጨርስ የሬጅስትራሩም ግራጫ ሆነ። ተራ ይዘው እንደሚሄዱ ሰዎች ነበር፤ መጋፋት የለ፣ ጩኸት የለ። ጋሼ ተነስተው ኪቦርዱን ያዙ። እጃቸው ሳይደርስ ፈተናው ተኛ። ከዚያ አከራይዋ ራሷ ተኛች፤ የማራገቢያዋ ድምፅ እየቀጠነ፣ እየቀጠነ ሄዶ ጠፋ። ያንን ድምፅ ከለመድኩት ጀምሮ ሰምቼው የማላውቀው ፀጥታ ክፍሉን ሞላው።

ቀና አልኩ። አምፖሉ በርቷል።

ይህንን እንዴት እንደምገልጸው አላውቅም። መብራት ሲጠፋ ሁሉ ነገር አብሮ ይጠፋል፤ ሰውነታችን ለዚያ የተገራ ነው። ብርሃኑ እንዳለ የሚሞት ነገር ግን አይቼ አላውቅም። በመስታወቱ በኩል እህቴ ማውሱን ደጋግማ ትጫናለች። ስክሪኗ ላይ አንድ መስመር ቀይ ጽሑፍ ወጥቷል። ዞር ብላ በመስታወቱ አየችኝ፤ እኔም አየኋት።

ጋሼ ሰዓታቸውን አዩ።

«ዛሬ የማን ተራ ነው?»

«የምን ተራ?»

«የፈረቃ! የፈረቃ ነው የምልህ!»

ገባኝ። በዚያች ደቂቃ ቡታጅራ መብራት ሊሄድ ነበር። ሞዴሏን ከነደንቧ ስንቀዳ ጨለማዋንም ቀድተናል። ወልቂጤ ፀሐይ ወጥቶ፣ መብራት በርቶ፣ ይህቺ ማሽን ግን ቡታጅራ ያለች መስሏት ተኝታለች፤ በጋሼ ትምህርት መሠረት፣ በወግ፣ ሥራዋን በትክክል ሠርታ። ከጥፋት ሁሉ የሚያስደነግጠው እንደዚህ ሳይሳሳት የሚሠራው ነው።

አስነሳናት። ተከራዮቹ ዓይናቸውን እንደገለጡ መልሳ አስተኛቻቸው። እንደገና አስነሳናትና የመተኛዋን ሰዓት በእጄ ሰረዝኩት። እፎይ ብዬ ቀና ሳልል የሰረዝኩት ተመልሶ ተጽፏል። ዘቡ ነው። ከአብነቱ የተለየ ነገር አግኝቶ አርሞታል።

«በስመ አብ!» አሉ ጋሼ። «ዲኑንም አይሰማም ብለኸኝ ነበር።»

«እኛንም አይሰማም፣ ጋሼ።»

ያለው መንገድ አንድ ነበር፤ እሷን ትቶ ቴምፕሌቱን ራሱን ማረም። ጋሼ ከአብነቱ ውስጥ የፈረቃውን ደንብ ፈልገው አውጥተው ጣሉት። እንደገና አስነሳናት። ቆየች። ማራገቢያዋ ጮኸ፣ ደስ የሚል ጩኸት። የፈተናውን ተከራይ ከፍተን መልሶቹን ስናይ አንድም አልጠፋም፤ በወግ ስለተኛ የተፈታኙ ሁሉ መልስ እስከ መጨረሻው ተቀምጧል። የቀራቸው ሰዓትም ከቆመበት ሊቀጥል ይችላል። ጋሼ ግንባራቸውን ጠረጉ። «ተመስገን። ሄደህ ቀጥሉ በላቸው» አሉኝ።

በሩን ስከፍት ዲኑ ቀድመውኝ አዳራሹ መሃል ቆመዋል።

«መብራት ጠፍቷል» ይላሉ፣ በትልቅ ድምፅ። «ከአቅም በላይ ነው። ፈተናው ተቋርጧል፤ በሚቀጥለው ዙር ትጠራላችሁ።»

አምፖሉ ከራሳቸው በላይ ነበር የበራው። መላጣቸው ላይ ያብለጨልጭ ነበር።

እና ሰዉ ተነሳ። በአላህ ስም እምላለሁ፣ ተነሳ። አንዱ ለራሱ «ምን ይደረግ» አለ፣ ሌላዋ ቦርሳዋን ፈለገች፣ አንዱ ጃኬቱን ከወንበሩ ላይ አነሳ። እንደዚያ የደነገጥኩበት ጊዜ የለም። ማሽኗ ስትተኛ የደነገጥኩት ከዚህ አይደርስም። ማሽኗ የታዘዘችውን ነው የሠራችው። እነዚህ ግን ዓይን ያላቸው ሰዎች ናቸው፤ ዓመታት የደከሙበት ነገር ጠረጴዛው ላይ አለ፤ ግን «መብራት ጠፍቷል» ሲባሉ እግራቸው ራሱ ይነሳል።

እህቴ አልተነሳችም።

«መብራቱ በርቷል እኮ!» አለች።

«እዚህ አይደለም፣ እህቴ፣ መስመሩ ላይ ነው የጠፋው» አሉ ዲኑ።

አጠገቧ የነበረች ልጅ ትከሻዋን ነካቻት። «ነይ ባክሽ እንሂድ፤ አንዴ ከሄደ መች ይመጣል?»

«የት ሄደ? በአላህ ቀና ብለሽ እዪው!»

ልጅቷ ቀና ብላ አምፖሉን አየችው። ደህና አድርጋ አየችው። ከዚያ ዲኑን አየች፣ ቦርሳዋን ትከሻዋ ላይ አንጠልጥላ ወጣች።

ዲኑ ወደ ኮሪደሩ ሲወጡ ጋሼ ጠበቋቸው። እኔ ግድግዳው ጋ ተለጥፌያለሁ።

«ተስተካክሏል፤ መልሱም ሰዓቱም አለ። ይቀጥሉ» አሏቸው ጋሼ።

ዲኑ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። ክፉ ሰው አልነበሩም፤ እጃቸውን ጋሼ ክንድ ላይ አድርገው ነው የሚያወሩት። «ጋሼ፣ ለእርስዎ ብዬ እኮ ነው። ነገ ገምጋሚ ይመጣል። ምርጥ ተሞክሮው ፈተና አቋረጠ ይባል? መብራት ነው ካልን የሚጠይቅ የለም። መብራትን ማን ይገመግመዋል?»

«መብራት ነው ካልን ደግሞ ልጆቹ ለከርሞ ነው።»

«ለከርሞ ይፈተናሉ፤ ምን ይሆናሉ?»

ጋሼ በተከፈተው በር አዳራሹን አዩ። ባዶ ወንበሮች፣ መሃላቸው እህቴ፣ ሁለት እጇ ኪቦርዱ ላይ እንዳለ። አታለቅስም። አንድ ሰው መጥቶ እጇን ከዚያ እንዲያነሳላት የምትጠብቅ፣ እስኪመጣ ግን የማታነሳ ትመስል ነበር። ጋሼ ኮሌታቸውን አቃኑና ገቡ፤ ሰዉ በወጣበት በኋላኛው በር ላይ ቆመው ግቢው ድረስ በሚሰማ ድምፅ ጮኹ፦

«እናንተ ልጆች! ተመለሱ! መብራት አልጠፋም። ያጠፋሁት እኔ ነኝ!»

ደረጃው ላይ የደረሱት ቆሙ።

እኔ ስብሰባ ላይ «ስህተቱ የእኔ ነው» ሲባል ብዙ ሰምቻለሁ፤ ሂስ ግለ ሂስ በሚባለው ሰዓት ሁሉም ተራውን ጠብቆ ይለዋል፤ እንደሚባል ስለሚታወቅ የሚደነግጥ የለም። ይህ ግን ማንም ሳይጠይቅ ነው የተባለው፤ ለማለፍ የተከፈተ በር እያለ። ሰዉ ምን እንደሚያደርገው አላወቀም። ዲኑም አላወቁም፤ አፋቸው ትንሽ ተከፍቶ ቀረ።

በመጨረሻ ከደረጃው በኩል የአንዱ ድምፅ መጣ። «ጋሼ፣ የእኛንም ሰፈር የሚያጠፉት እርስዎ ነዎት?»

ሳቁ ግቢውን ሞላው። ጋሼም እየሳቁ፣ «እሱን ሌላ ቀን ትጠይቀኛለህ! የቡታጅራን ፈረቃ ይዤላችሁ መጥቼ ነው። ግቡ፣ መልሳችሁ አለ፣ ሰዓታችሁም አለ» አሏቸው። ገቡ። ቦርሳዋን አንጠልጥላ የወጣችው ልጅ መናኸሪያ ደርሳ ኖሮ ጓደኞቿ ደወሉላት፤ በባጃጅ ስትበር መጥታ፣ ሳንቲም ሳታስመልስ ዘላ ወረደች። የጀመሩት ሁሉ መመለሳቸውን አይተን ፈተናውን እንደገና ከፈትነው። ማሽኗ እስከ መጨረሻው አልተኛችም። እኔ ግን ዓይኔን ከምልክቶቹ ላይ አልነቀልኩም።

ሲያልቅ እህቴ ወጥታ ዛፉ ሥር ተቀመጠች።

«እንዴት ነበር?»

«አላውቅም።» ሻርፗን ፈትታ ፊቷን ጠረገችበት። «ግማሹን ጊዜ አምፖሉን ስጠብቅ ነበር። ያ ረቢ፣ ወንድሜ፣ ሁሉም ሲወጡ ያበድኩት እኔ ነኝ ብዬ ነበር እኮ። በእርግጥ በርቶ ነበር አይደል?»

«በርቶ ነበር።»

«ሌላ ጊዜ ስጠይቅህም እንዲሁ በለኝ።»

ገምጋሚዎቹ መጡ፣ ሄዱ። የጋሼ ንግግር ከእነሱ ቀድሞ ከተማውን አዳርሶ ስለነበር የሚደበቅ ነገር አልነበረም። ጋሼ ከኃላፊነታቸው ተነስተው ቡታጅራው ግቢ ንብረት ክፍል ተመደቡ፤ ከጆንያ ጠመኔ፣ ከተሰበረ ወንበርና ከመጥረጊያ ጋር። ሰርቨሯን ለእኔ ሰጡኝ። ቁልፉን ሲያቀብሉኝ በስሜ ነው የጠሩኝ፤ አንገቴን ደፍቼ ተቀበልኳቸው።

ውጤቱ ሲለጠፍ እህቴ አልፋለች። ስደውልላት መጀመሪያ የተሰማኝ ከጀርባዋ የሕፃኑ ለቅሶ ነው። ከዚያ «አልሐምዱሊላህ» አለች፣ ቀስ ብላ። ከዚያ እናታችን ስልኩን ነጥቃት እልል አለችበት፤ ጆሮዬ ለሁለት ቀን አላረፈም።

ቆሼ በኩል ሥራ ከጀመረች በኋላ በአንድ የገበያ ቀን ግቢያችን መጣች። ለጋሼ በእንሰት ኮባ የተጠቀለለ አይብ ይዛ ነበር፤ ትከሻዋ ላይ ደግሞ የሥራ ቦርሳዋ። ንብረት ክፍሉ ጨለም ያለ ነው። ጋሼ ከጠረጴዛ ጀርባ ተነስተው፣ ነጭ ጋዋን ለብሳ ሲያዩዋት እንደ ሕፃን አጨበጨቡ።

«ሲስተር! ሲስተር ሆንሽ!»

«በእርስዎ ነው፣ ጋሼ።»

«በራስሽ ነው። ስላልተነሳሽ ነው። ሁሉም ሲነሳ አንቺም ብትነሺ እኔ ለማን እናገራለሁ?»

እሷ ግን ከገባች ጀምሮ ፊታቸውን ነው የምታየው፤ እጃቸውን ስትጨብጣቸውም ቶሎ አልለቀቀቻቸውም። ፊታቸው ቀልቷል፣ ጠረጴዛውን ተደግፈው ነው የቆሙት። እኔ በየቀኑ አያቸዋለሁ፤ ምንም አላየሁም ነበር። ስል ዓይን አለኝ እያልኩ የምኮራ ሰው።

«ቁጭ ይበሉ እስቲ፣ ጋሼ። እጅጌዎን ይሰብስቡ።»

«አሁን? እዚህ መጥረጊያ መሃል?»

«እዚሁ።»

ከቦርሳዋ የደም ግፊት መለኪያ አውጥታ፣ ጨርቁን ክንዳቸው ላይ ጠቅልላ ኳሷን ጨመቀች። የመለኪያውን ጠቋሚ እያየች ቀስ ብላ አየሩን ለቀቀች። እንደገና ጨመቀች፤ እንደገና ለቀቀች። እህቴ በእኔ ስትቀልድ፣ ስታለቅስ፣ ስትቆጣ አውቃታለሁ፤ እንደዚህ ፀጥ ስትል ግን አላውቃትም።

«ራስዎን ያምዎታል?»

«ጠዋት ጠዋት። ያልተኛሁበት ነው።»

«ዓይንዎስ?»

«መነጽሩ ነው ያረጀው።»

«መነጽሩ አይደለም።» ጨርቁን ፈታችው። «ጋሼ፣ በዚህ ግፊት ቆመው እያወሩኝ ነው። እንዴት እንደቆሙ አላህ ያውቃል። ይነሱ፣ እንሄዳለን።»

«ነገ እመጣለሁ። ዛሬ ቁልፉ እኔ ጋ ነው፤ ጠመኔ የሚወስድ መምህር ቢመጣስ?»

«ይጠብቃል።»

«ኧረ ልጄ፣ ኃላፊነት ነው...»

«ጋሼ፣ ነገ አልኩዎት እንዴ?» ድምፅዋን ከፍ አላደረገችውም። አይቡን ከጠረጴዛው ላይ አንስታ ወንበር ላይ አስቀመጠች፣ ክንዳቸውን በክንዷ ቆልፋ አስነሳቻቸው። ጋሼ ወደ እኔ ዞረው አዩኝ፤ እርዳታ የጠየቁኝ መሰለኝ። ከዚያ እሺ ብለው ተነሱ። ጉልበታቸው ትንሽ ታጠፈ፤ ያዘቻቸው።

እኔ በድንጋጤ በሩ ላይ እንደቆምኩ ነበር።

«አንተ ምን ተገትረህ ታየኛለህ?» ጮኸችብኝ። «ሩጥ፣ ባጃጅ ጥራ!»

ሮጥኩ። አስፓልቱ ላይ ደርሼ ሁለት እጄን እያወዛወዝኩ ወደ ኋላ ስዞር፣ እሷ ደረጃውን አንድ በአንድ እያስወረደቻቸው ነበር፤ በእያንዳንዱ ደረጃ ቆም እያለች፣ ፊታቸውን እያየች፣ የሆነ ነገር እየነገረቻቸው።